አራት ሰዓት

ማግደቡርግ፣ ኤልበ ዳር፣ ከባቡሩ ጣቢያ ማዶ፣
አንድ መጋዘን አለ፣ ሌት የሚያድር በመብራት ነዶ።

«ያንቺ ቀን መቶ አርባ ነው» አለችኝ ጸሐፊዋ፣
ገና እየተነነ ካጠገቧ ሻይዋ።
«ሙሉውን መቶ አርባ፤ ግማሽ ግማሽ ከሠራሽ
ሁለት መቶ ሰማንያ፣ ቆጥበሽ ከያዝሽ።
እስከ አራት ሰዓት ድረስ ግማሽ ነው በሕጉ፤
ከአራት ካለፈ ግን ሙሉ ነው፣ ከነማዕረጉ።»

«ቀን ሰጡኝ» ብዬ ለወንድሜ፣ ለናሁሠናይ፣ ብጽፍለት
«ተመስገን፣ ቀን ወጣልሽ!» አለኝ፤ እኔም ዝም አልኩለት።
ቀን የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል ይላሉ፤
እኔ ካርቶን እሰብራለሁ፤ ብሰብር ብሰብር ይበዛሉ።

ለመሥራት መመዝገብ፤ ለመመዝገብ ክፍያ፤
ለክፍያው መሥራት፤ የቱ ነው መጀመሪያ?
የገዛ ገንዘቤ እንኳ ባንክ ቤት ታስሯል፣
በወር በወሩ ቅንጥብ ቅንጥብ እየተፈታ ይወጣል።
ጥፋቱን የነገረኝ የለም፤ ስሜ ግን ተጽፎበታል።
የጠዋቱ ትምህርት ስለ ውኃ ግፊት ነው።
መታወቂያዬ «ተማሪ» ይላል፣
ከኋላ ወንበር የተከደነው ዐይኔ ግን አይስማማውም።

የመጋዘኑ ሰዓት ዐሥራ ስምንት ሲል ካርዴን አስነካለሁ፤
በኔ አቆጣጠር ማታ ዐሥራ ሁለት ነው፣ ከባዶ እነሣለሁ።
ግድግዳው ሃያ ሁለት ሲል የኔው ገና አራት ይላል።
ሕጉም ያለው አራት ነው!
ከነሱ ሰዓት ይልቅ የናቴ የጓዳ ሰዓት ከሕጋቸው ይስማማል።

ዲሴምበር ገባ። አገሩ ሁሉ ስጦታ ይላላካል።
ከቀኔ የቀረችው ግማሽ ናት፣ አንዲት፤ ከነገ ወዲያ ባዶ ይሆናል።
የፖዝናን መኪና፣ በረዶ መንገድ ላይ ይዞት፣ ዘግይቶ፣
አራት ሊሞላ ሲል ደረሰ፣ ሆዱ በዕቃ ተነፍቶ።
ሄር ክሩገር፣ ኀላፊው፣ ክፉ ሰው አይደለም፤
«ዐሥር ደቂቃ ብቻ፣ ስመኝ» አለኝ፤ «ከዚያ ሌላ የለም።»
ሳንዲፕ፣ የካትማንዱ ልጅ፣ እኔን ቀና ብሎ እያየ
«ሂጂ» አለኝ በከንፈሩ፤ በመዳፉ ወገቡን እየደገፈ፣ ሳይጮህ፣ እንደዘበት።

ዐሥር ደቂቃ! ለሰው ዐሥር ደቂቃ ይነፈጋል?
ግን ያቺ ዐሥር ግማሽ ቀኔን ሙሉ ታደርጋለች፤
ሙሉ ደግሞ የለኝም።
ባገሬ ለደከመ ክንድ ክንድ ማበደር ወንፈል ይባላል፤
እዚህ ቀን ይባላል፣ ይጻፋል፣
ከቢሮ ቢሮ ይሄዳል፣ ካርድ ሲታደስ ይጠየቃል።

ካርዴን አስነካሁ። ጢጥ አለ።
በሩ ከኋላዬ በገዛ ራሱ ተዘጋ።

ከፌርማታው ቆሜ ይታየኛል፣ ከአጥሩ ወዲያ፣
ሳንዲፕ ብቻውን፣ አንዱን ሣጥን አንሥቶ ሌላው ሲጠብቀው።
ብርዱ ጥርስ አለው።

በታኅሣሣቸውና በጥራቸው መሃል ጳጉሜ ብትኖር፣
ደመወዝ የማያውቃት፣ ከወር የማትቆጠር፣
አምስት ቀን ብቻ፣ ከየትኛውም መዝገብ የማትሰፍር፣
ተመልሼ ገብቼ የዚያን ልጅ ሣጥን ባነሣ
ማን ቀን ይቆጥርብኝ ነበር?

ትራሙ ዘገየ።
ሰሌዳው ላይ አየሁት፦ ዐሥር ደቂቃ።
እጄን ኪሴ ከትቼ፣ ሥራ ፈትቼ፣ እዚያው ቆሜ ጨረስኳት፣
ከነሰከንዷ።
እሷን ማንም አልጻፋት።