እዚህ ላይ ይስቃሉ

ሮቸስተር ከተማ፣ በየካቲት ብርድ፣
በረዶው ከሐይቁ ተነሥቶ ሲወርድ፣
እኔ ከምድር ቤት፣ እርሳሴን ቀርጬ፣
(ብዕር ክልክል ነው እዚህ፤ ውሃም፣ ማስቲካም)
ከሙት ሰው ወረቀት ፊት ለፊት ተቀምጬ፣
የዛገውን ስፒል አወጣለሁ በጥፍር፣
አንድ ገጽ፣ ሁለት ገጽ፣ ሦስት ገጽ ስቆጥር።

ሣጥን ቁጥር ዘጠኝ፣ ክር የታሰረበት፣
የሰፕቲመስ ትሪዌል ሳቅ የታሸገበት።
ሰውየው ቀልደኛ፣ ተውኔት ጸሐፊ ነው፣
በቪክቶሪያ ዘመን፣ ሎንዶንን በሳቅ ያፈነው።
አርባ አንድ ኮሜዲ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፦
ባል ቁም ሣጥን ገብቶ፣ አማት መጥታ ድንገት፣
የተሳሳተ ኮት፣ የተሳሳተ በር፣
ሞተ የተባለ አጎት፣ ከነሀብቱ ሲመጣ ከህንድ አገር።
ዛሬ ማንም አይስቅ፤ እኔም አልሳቅሁ በውነት፤
ቀልድ ሲያድር ይረጋል፣ ልክ እንደ ወተት።

ከሎንዶን እስከዚህ እንዴት መጣ ብትሉ፣
የልጅ ልጁ እዚህ መነጽር ሞራጅ ነበር አሉ፤
ከደረጃው በታች፣ ከድንች ጆንያ ጎን፣
ሣጥኑ አንኮራፋ፤ ስድሳ ክረምት ይሆን?
አሁንም ከገጹ የድንች ሽታ አለ፤
ካታሎጉ ላይ ግን ሽታ የሚጻፍበት ቦታ የለ።

የልምምዱ ደብተር ቆዳው ተልጧል፤
በኅዳጉ ላይ ግን በቀይ ቀለም ጽፏል፦
«እዚህ ላይ ይስቃሉ።» «እዚህ ላይ ጠብቁ፤
እስከ ሦስት ቁጠሩ፤ እናንተ አትሳቁ።»
«ጃንጥላው ይውደቅ፤ ካልሳቁ፣ ይደገም፤
በሁለተኛው ካልሳቁ፣ አማትየዋ ትታመም።»

ማታ ማታ ደግሞ፣ መጋረጃው ሲወርድ፣
ሳቁን ይመዘግባል፣ እንደ ነጋዴ ንግድ፦
ሰኞ፣ ሃያ ሁለት። ማክሰኞ፣ ሃያ። ረቡዕ፣ ዝናብ፤ አሥራ አንድ።
(ከነዚያም አራቱ የአንድ ሰካራም ናቸው ይላል፤
ማን አለ እንደሱ በራሱ የሚፈርድ?)

ከዚያ ሐሙስ መጣ።
ገጹ እንደ ሌላው ነው፤ ቀለሙም አልነጣ።

«ላቪኒያን ቀበርን፣ ረፋድ ላይ።
ሰባት ዓመት ከመንፈቅ። ነፋስ ነበረ።
ማታ፣ ሠላሳ ስምንት።»

ሠላሳ ስምንት ሳቅ። ከዚያ በፊትም ሆነ
ከዚያ በኋላ፣ በደብተሩ ውስጥ ይህን ያህል ሳቅ አልገነነ።

መስመሩ ቀጥ ያለ። ጠብታ ፈለግሁኝ፤
አጉሊ መነጽር ከመሳቢያ አወጣሁኝ፤
ስምንቷን መረመርሁ፣ ተንቀጥቅጣ እንደሁ፤
አልተንቀጠቀጠች። እኔው ነኝ ያፈርሁ።

ምን ብዬ ልመዝግበው? ቅጹ ይጠይቃል፦
ርዕስ፣ ብዛት፣ ዓመት፣ «ይዘቱ ምን ይላል?»
«የትርዒት ሒሳብ» ብል ውሸት አይባልም፤
እውነት ነው ለማለት ግን እጄ አልታዘዘም።

ትቼው አለፍሁ። ቀጥሎ የነበረው
የልብስ ሰፊው የኦባዳያ ፍሊች ደብዳቤ ነው፦
«ክቡር ሆይ፣ ሱሪዎ ከበስተኋላው በኩል
መሳቅ ጀመረ አሉ፣ ስፌቱ ሲነቀል፤
ስድስት ዓመት ሙሉ እኔ ሳለቅስ ለዋጋው፣
በየትኛው ሕግ ነው ሱሪው ቀድሞ የሚስቀው?»

ፈነዳሁ። አፌን በእጄ ብይዘው፣ ባፍንጫዬ ወጣ፤
ሳቅና ጭስ መውጫ አያጣ።
ወይዘሮ ቫንደርሊን፣ ያዳራሹ ጠባቂ፣
ከመነጽሯ በላይ አሻግራ፦ «ማን ነው እዚህ ሳቂ?»

ቀልደኛው አይደለም፤ ልብስ ሰፊው ነው ያሳቀኝ፤
ቢሆንም ለደብተሩ ዕዳ ያለብኝ መሰለኝ።
ብጣሽ ወረቀት ከጠረጴዛው አነሣሁ፤
«ሮቸስተር። ሐሙስ። በረዶ። አንድ።» አልሁ።
ከሠላሳ ስምንቱ ጎን ላስገባት አሰብሁና
ኪሴ ከተትኋት፤ ሣጥኑ የኔ አይደለምና።

ቅጹን ግን ሞላሁት፦
ሣጥን ዘጠኝ፣ ማኅደር አራት።
የሳቅ መዝገብ፣ አንድ ደብተር።
ወረቀቱ፣ ደረቅ።
ጉዳት፣ አይታይም።