ወራጅ አለ

ሰኞ ጠዋት፣ ከአዛናው ፀጉር ቤት ደጃፍ፣
የሳምንቱን ጠመኔ ከሰሌዳው ሳራግፍ፣
ገና ቁጥር ሳልጽፍ ሰው ይከበኛል፤
«ስንተኛ ነን?» ይለኛል፤
እያወቀ ይጠይቀኛል።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምሬ
ቁጥር አንገቴን አስደፍቶኝ አያውቅም ነበር፣ እስከ ዛሬ።
ሃያ ሰባት ጨዋታ፤ አምስቱ ብቻ ድል፤
ዐሥራ አንዱ አቻ፤ የቀረው ባይነሳ ይሻላል።
ሃያ ስድስት ነጥብ። የግብ ዕዳ ዐሥራ ሁለት።
ደረጃ ዐሥራ አራተኛ፤
ከላይ ቀይ መስመር፣ ከመስመሩ በታች እኛ።

ቀይ ጠመኔ የለኝም። መስመሩን ያሰመርኩት
ከአዛናው ሚስት በተዋስኩት
የጥፍር ቀለም ነው፤
ቡድን ይወጣል፣ ይወርዳል፤
እሱ ግን በጨርቅ አይለቅም፣ እዚያው ነው።

ክለባችን ቀሃ፣ ስሙን ከወንዙ ሲወስድ
ጠባዩንም ሳይወስድ አልቀረም፤
ክረምት ላይ ግንድ ያንከባልላል፤
በጋው ሲገፋ ዶሮ እንኳ በእግሯ ትሻገረዋለች፣ አትፈራም።
ኅዳር ላይ ሦስተኛ ነበርን፤
በጥምቀት ሰሞን ሰባተኛ ሆንን።
ያኔ ማን ደነገጠ? ጎንደር እንግዳ ሞልቷት፣
አልጋችንን እንደለቀቅን
ደረጃችንንም ለእንግዳ ለቀቅን አልን።
እንግዳው ግን ሳይሄድ ከረመ።

የከተማ ዋንጫውን አታንሱብኝ፤
መስከረም ላይ ሦስት ጨዋታ፣ አንድም ግብ የለ፤
ለእሱ ሰሌዳ አልገዛሁም።

ከጎን የተሰቀለችው ጠባቧ ግን ሌላ ናት፤
«ጥሎ ማለፍ» ብዬ በትልቁ ጽፌባታለሁ።
ሊጉን የሚመራው መጣ፤ ማን ጣለ? ማን አለፈ?
በረኛችን ደሳለው ሦስት መለያ ምት አከሸፈ።
ሁለተኛው መጣ፤ እሱንም ጣልን፣ አለፍን፤
ይኸው ሐሙስ ለግማሽ ፍጻሜ ደረስን።
ትናንት ግን፣ ከሊጉ ግርጌ የተኛው ቡድን
ባዶ እጁን መጣና ነጥብ ተካፈልን።
እንዲህ ነን እኛ፣ ለጌታ አንራራም፤
ድሃ ሲያንኳኳ ግን ባዶ እጁን አንመልሰውም።

አባባ እንየው፣ የጥንቱ ግራ ክንፍ፣ ዓይናቸውን ሞራ የጋረደው፣
ሰኞ ሰኞ ከሳሙና በር ይመጣሉ፣ የድንጋዩን መንገድ በዱላ ዳብሰው።
«የትኛዋን ላንብብልዎ?»
«ጠባቧን» ይሉኛል ሁልጊዜ።
ዛሬ፣ «ሰፊውን» አሉኝ።

«ዐሥራ ሦስተኛ ነን፣ አባባ።»

የአዛናው ምላጭ ቆመ፤
በሚላጨው ሰውዬ ጉንጭ ላይ ሳሙናው ደረቀ።
እሳቸው እጃቸውን ዘረጉ፤
«ጣቴን ስማችን ላይ አድርግልኝ።»
አደረግሁ።
ጣታቸው ጥቂት ወደ ላይ ዳኸ፣
የደረቀውን ቀለም ዳበሰ፣
ቆመ።
«መምህር» አሉኝ ዝግ ብለው፣
«ሒሳብ አልነበር የምታስተምረው?»

ማታ በአዘዞ ታክሲ ተሳፈርኩ።
ረዳቱ ቢያድግልኝ የቀሃ ደጋፊ ነው፤
ከፋሲካ ወዲህ «ወራጅ» ማለት በእሱ ታክሲ ክልክል ነው።
መውረድ የፈለገ ጣሪያውን ይመታል፣ ወይ ያስላል፤
ሁለቱንም የረሳ አንድ ፌርማታ አልፎ ይሄዳል።

ማራኪ ስንደርስ አንዲት እናት፣ ዘንቢላቸውን ያቀፉ፣
ከኳስ ክብነቱን ብቻ የሚያውቁ፣
«ወራጅ አለ!» አሉ፣ ጮክ ብለው።

ማንም አልሳቀም።
ሹፌሩ በመስታወቱ እኔን አየኝ።
ሦስት ጨዋታ ይቀራል፤ ከበላያችን ያለው
በአንድ ነጥብ ብቻ ነው የሚበልጠን፤
ይህን ሁሉ በአፌ ይዤ ዝም አልኩ።

በሩ ተከፈተ፤ እሳቸው ወረዱ።
በሩ ተዘጋ።
እኛ አልወረድንም።