አውራ ጣት

ቡሳን፣ ዮንግዶ ደሴት ላይ፣ ከመርከብ መሥሪያው ጀርባ፣
የጌም ቤት ነው ሥራዬ፤ ሌላው ሰው ሲተኛ ነው እኔ የምገባ።
ሌሊቱን ኪቦርድ እየገለበጥኩ አራግፋለሁ፤
የኑድል ፍርፋሪ፣ የደረቀ ሩዝ፣ አንዴም የወተት ጥርስ አግኝቻለሁ።

ከቁልፎቹ ሁሉ ቀድማ መላጣ የምትወጣ
ደብልዩ ናት፤ “ወደፊት! ወደፊት!” ሲሏት ፊደሏን የምታጣ።
ወደ ኋላ የምትመልሰዋ ግን ገና አዲስ ናት፤
ማፈግፈግ የሚወድ ሰው እስከዛሬ አላየሁም በዚህ ቤት።

ወንበር አሥራ ዘጠኝ የሶልቢ ነው። ቀን ነርስነት ትማራለች፣
ማታ ሠራዊት ትመራለች።
መቶ ወታደር፣ ሃያ ምሽግ፣ አንዲት ንግሥት፣ ሁሉም በግራ እጇ ሥር፤
ጣቶቿ ሲወርዱ የበረዶ ናዳ ነው፣ የቆርቆሮ ጣራ የሚያሸብር።
አሥሩም ጣት ገባር ነው እዚያ። አውራ ጣት እንኳ፣ ያ ስመ ትልቅ፣
አንዲቷን ረጅም ቁልፍ ሲደልቅ ያመሻል፣ ሌላ ሥራ ሳያውቅ።

በማዕበሉ ሳምንት አቶ ፒዮ መጡ፤ ከዝናብ ሊጠለሉ መሰለኝ።
“ሠላሳ አንድ ዓመት ክሬን ነዳሁ፤ ጡረታ ነው የገደለኝ።”
የጭነት መርከብ ወደብ የሚያስጠጋ ጌም ከፈትኩላቸው፤
ኪቦርዱን እንደ ትኩስ ድስት ነኩት፣ በአንድ ጣት፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው።

ቁልፍ መቼም የሚያውቀው ሁለት ቃል ነው፤ አዎ ወይም አይ፤
“ትንሽ” አያውቅ፣ “ቀስ” አያውቅ፣ “እስቲ ቆይ”።
ሠላሳ ሺህ ቶን ብረት “አዎ” ሲሏት ሮጠች፣
“አይ” ሲሏት አልሰማችም፤ ወደቡ ላይ ወጣች፣ መጋዘኑንም ይዛ ሄደች።

ሶልቢ ሳቋን በመዳፏ አፈነች። እኔ ከመሳቢያ ጆይስቲክ አወጣሁ፣
ገመዱ በፕላስተር የተጠገነ፣ ግራ ዘንጉ የላላ፤ ይቅርታም ጠየቅሁ።
አቶ ፒዮ አላዩትም። እጃቸው ነው ያየው።
አውራ ጣታቸው ዘንጉ ላይ ሲያርፍ፣ አዛውንቱ ሰው
ቁመት ጨመሩ፤ ትከሻቸው ወረደ፤ ትንፋሻቸው ረዘመ፤
ከባሕሩ ስድሳ ሜትር በላይ፣ በመስታወት ጓዳ፣ ነፋስ ሲያዳምጥ የኖረው ሰው ተመልሶ ቆመ።

ቅንጣት ወደ ግራ። ቅንጣት። መርከቧ እንደ ሕፃን አልጋዋ ላይ ተኛች፤
በወንበር አሥራ ዘጠኝ ሠራዊት እያለቀ፣ ሶልቢ ወደዚህ ታያለች።

ሰው ግን ባሸነፈበት አያቆምም። በማግስቱ፣
“ያንቺን ጦር በዚህ ልምራልሽ” አሉ፤ አይ ትምክህቱ!
ምሽጉ ነደደ፣ ንግሥቲቱ ተማረከች፤ እሳቸው ገና አንድ ወታደር ይመርጣሉ፣
ላባቸውን እየጠረጉ “ስንት እጅ ነው ያለሽ?” ይላሉ።
በመጨረሻ እጅ ሰጡ። እሷም ሰጠቻቸው፣ የግራዋን፤
ቁልፎቹ ላይ አሳረፈችላቸው፣ አንድ በአንድ፣ ጣቶቻቸውን።

ደንበኛ ሁሉ ይጠይቀኛል፦ “የቱ ይሻላል?”
ካያያዝ ይቀደዳል፣
እላለሁ። መኪና በጆይስቲክ፣ ቡጢም፣ ገደል ለገደል ዝላይም፤
ከሩቅ ዒላማ መምታት ግን ያለ ማውስ አይሆንም፣ ጦር መምራትም።
ይህን ብዬ ወደ እጁ አያለሁ። ጥፍሩን ይበላል? ጠረጴዛ ይደበድባል?
ወይስ የብርጭቆ ጠርዝ ሳያውቀው ይዳብሳል?
ከዚያ በኋላ ነው መሳቢያውን የምከፍተው፣
አንዳንዴም የማልከፍተው።

ሲነጋ አቶ ፒዮ ሂሳብ ከፍለው መስኮቱ ጋ ቆመዋል።
ማዶ፣ ከአምና ጀምሮ ያልተንቀሳቀሰ ቢጫ ክሬናቸው ጭጋግ ለብሷል፤
ለብረት ነጋዴ ተሽጧል ይባላል።
እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው። ጨርቁ ሥር አንድ ነገር ይላወሳል፦
ቅንጣት ወደ ግራ።
ቅንጣት።