የተዋስኩት ስም

ከዚራ ፋርማሲ፣ ልጅቷ ወረቀቴን ገልብጣ አየችና፣
«የጡት መድኃኒት ነው፤ ለባለቤትዎ ነው?» አለች በትሕትና።
በአዲጋላ ሐሩር ባለ ሃያ ፉርጎ ባቡር ያቆምኩ ሰው፣
አንዲት ቃል ከአፌ ስትወጣ ማቆም አቃተኝ፤ «አዎ፣ ለእሷ ነው።»
ስሟን ጠየቀችኝ።
ሸምሲያ አልኩ። ጻፈችው፣ በካኪው ፖስታ ላይ።

የፕሮስቴቴን ካንሰር ሊያስርብ የገባው ክኒን ደረቴን አሳብጦ፣
ሸሚዝ እንኳ ሲነካኝ ያመኛል፤ ጡቴ እንደ ኮረዳ አጎጥጉጦ።
የታይዋኑ ልብስ ሰፊ ሜትሩን በደረቴ ሲያዞር፣
«ወፈሩ ጋሼ» ብሎ አቀረቀረ፤ እኔም ዝም፣ እንደ ዝግ በር።

ሌሊት ደግሞ እሳቱ!
ደቻቱ ቀን የጠጣውን ፀሐይ በጀርባዬ ይተፋል፤
አንሶላው ይርሳል፣ ልቤ ይደልቃል፣ ላቤ ይጎርፋል።
ሸምሲያ ነቃች። ያገኘችውን አንስታ አራገበችኝ፣ ዝም ብላ፤
ቆየችና፦ «በሃምሳ ዓመቴ እንዲህ ስነድ፣ በዚሁ አንሶላ፣
‹የድሬ ሙቀት ነው፣ ተኚ› አላልከኝም?»
አልመለስኩም።

ያራገበችበትን ፖስታ ወደ መብራቱ ስታዞረው፣
ስሟን አየች። ቀስ ብላ፣ ፊደል በፊደል አነበበችው።
«ስሜን ስትዋስ ብትነግረኝ ምን ነበር?»
ክኒኑን በመዳፌ አኖረች።
«ዋጥ። በመስኮቱ በኩልም ተኛ» አለች፣
«ያኔ በጠብ የወሰድኩብህን ቦታ ለቅቄልሃለሁ።»
ትራሷን ወደ ግድግዳው ሳበች።