ከፈረሱ የቀደመ ጋሪ

የአባቴ ሥራ ቀጭን መስመር ነበር፤
ከፊት መብራቱ ሥር እስከ ኋላው በር
ትንፋሹን አምቆ ብሩሹን ይስባል፣
መስመሩ ሲጨረስ ያኔ ይተነፍሳል።
ለአንድ መኪና ሁለት ጎን፣ ሁለት ትንፋሽ።
ማታ ቤት ሲገባ፣ ጥፍሩ ሥር ቀይ ቀለም፣ ፀጉሩ ውስጥ የቲነር ሽታ፤
«ዛሬም አልተዛነፈ» ይላታል እናቴን፣ እንደ ሰላምታ።

ሳውዝ ቤንድ፣ ወንዙ ደቡብ ደርሶ የሚታጠፍበት ከተማ፤
በምዕራቡ ሰፈር ፖላንድኛ ነው የሚሰማ፣
ቄሱም፣ ሥጋ ሻጩም፣ የዕድር ጸሐፊውም ጭምር፤
የፋብሪካው ፊሽካ ግን ለሁሉም አንድ ቋንቋ ነበር።
በባለ ዳቦ ቤቷ በብሮኒስዋቫ የዱቤ ደብተር
ከስምህ ጎን «ስቱድቤከር» ካለ፣ ማን ዋስ ሊጠይቅህ፣ ማን ሊደፍር።

ስሙ ከመኪና በፊት የጋሪ ነው፤
ወንድማማች አንጥረኞች፣ አንድ ወናፍ፣ ጥቂት ብረት፤
ለገበሬው፣ ለወታደሩ፣ መሬት ሊፈልግ ምዕራብ ለወረደው ሠሩለት።
ዘመን ዞሮ ፈረስ ሲረክስ፣ ስንቱ ጋሪ ሠሪ ደጁን ሲዘጋ፣
እነሱ ሞተር አስገቡበት፤ ጋሪው ነጎደ ያለ አለንጋ።
ፈረሱ መንገድ ዳር ቀረ፣ ጋሪው ብቻውን ሮጠ፣
«ከፈረሱ ጋሪው!» ያለውን ሁሉ፣ ስቆ ሳይጨርስ አመለጠ።

ከጦርነቱ በኋላ ያወጡት ደግሞ
ኋላው እንደ ፊቱ መስታወት የለበሰ፤
የዲትሮይት ሰው አየና ቀለደ፦
«ይሄ ነገር እየመጣ ነው፣ ወይስ እየሄደ?»
አባቴም ሳቀ።
ያኔ በራስ ላይ መሳቅ ይቻል ነበር፣ ጠግበን።

ከዚያ ትልልቆቹ ዋጋ ሰበሩ።
የእኛ ፋብሪካ ጣሪያው ያፈሳል፤ ባልዲ ከመኪናው እኩል ተሰለፈ።
በር ገጣሚው ቴኦፊል የቢራውን አረፋ እፍ እያለ፣
«መሪውን እኛ እንገጥማለን» ይላል፣ «መሪው ግን የታለ?»
ላርክ የምትባል ትንሽዬ መኪና፣ በወፍ ስም፣
ሁለት ዓመት ይዛን በረረች፤
በሦስተኛው ክንፏን አጠፈች።
አባቴ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ሥራ ገባ።
በቀሩት ቀናት የኩሽናውን መደርደሪያ ቀባ፤
አንድ ጠዋት ስንነሣ፣ በየጠርዙ ቀይ መስመር።
እናቴ አየችው፤ አንዲት ቃል ሳትናገር
ሳህኖቹን መልሳ ደረደረች።

ታኅሣሥ ነበር፣ ገና ሊገባ ሁለት ሳምንት።
ከአለቃው አልሰማም፤ ራዲዮው ነው የነገረው፣
እናቴ ጎመን ስትከትፍ፣
በአንዱ የቢላ ምትና በሚቀጥለው መካከል።
ያን ዕለት ለቀልዱ መልስ ተገኘ።
እየሄደ ነበር።

ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሏል። ዕድሜው ሃምሳ ሰባት።
የጡረታው ደብዳቤ በስስ ወረቀት መጣ፤
ከሚገባው ዶላር፣ በየአንዱ አሥራ አምስት ሳንቲም ሊሰጡት።
ቴኦፊል ስድሳ ሞልቶት ስለነበር ሙሉውን አገኘ።
ከዚያ ወዲያ ቢራ ቤት አብረው አልታዩም።
ያፈረው ቴኦፊል ነው፤
አባቴን ሲያይ መንገድ ይሻገር ነበር፣ በዚያ በረዶ።

ሕንፃው ለዓመታት ቆመ፣ መስታወቱን ልጆች በድንጋይ እየለቀሙት።
በኋላ ማሽን መጣ።
በፈረስ የጀመረው፣ ፈረሰ።

ባለፈው ነሐሴ፣ የአሮጌ መኪኖች ትርኢት ላይ፣
አንድ ጥቁር ስቱድቤከር አገኘሁ፣ እንደ መስታወት የሚያሳይ።
ጎንበስ ብዬ መስመሩን በጣቴ ተከተልኩት፣ ሳልነካው፣
ከፊት መብራቱ ጀምሬ።
ከበሩ እጀታ ሥር፣ ስንዝር በማይሞላ ቦታ፣ መስመሩ ትንሽ ወፍሯል።
የማን እጅ እንደሆነ አላውቅም፤ መስመር ፊርማ የለውም።
ባለቤቱ፣ ደግ ሰው፣ አፈር ብሎ፣
«እንከን ነው» አለኝ፣ «በዚህ ወር አስጠግነዋለሁ።»
«ተወው» አልኩት።
«እዚህ ጋ አንድ ሰው ተንፍሷል።»