ከአጥንት ውጪ

ጀህራ። የሆስፒታሉ ኮሪደር ይበርዳል፤
ከበሩ ወዲያ አስፋልቱ በሌሊት ይነድዳል።
ሾፌሩ አውርዶን ሄደ። ሚሻሪ ትከሻዬ ላይ እንደ ፍም ጋለ፤
ሦስት ቀኑ ነው በግራ እግሩ መርገጥ እንቢ ካለ።
«ወድቆ ነው» ትላለች እናት። አባት፣ «ጥርሱ ሊወጣ»።
ካልሲውን ሳወልቅ የሚጮኸው ጩኸት ታዲያ ከየት መጣ?

ራጅ ተነሣ። ዶክተሩ ስክሪኑን አየና፣ ዐይኑን ነቀለ፤
«ነጭ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ስንጥቅም የለው» አለ።
«ሽሮፕ ስጪው፣ ሂጂ።»
አልሄድኩም።
በዚያች ከጓዳ በቃረምኳት ዐረብኛዬ፣
«የረገጠ ቀን እሄዳለሁ» ብዬ
ወንበሩ ላይ ቀረሁ።

ፎርም መጣ። «ለልጁ ምኑ ነሽ?»
እኛ ዘንድ እንዲህ ሲባል አጥንት ነው የሚቆጠር፣
ከአያት ከምንጅላት፣ እስከ ሰባት ዘር።
እኔ ከዚህ ልጅ ጋር የሚቆጠር አጥንት የለኝም፤
«ሠራተኛ» አልኩ። ሌላ ሣጥን አላገኘሁም።

ሺጂ፣ ከኬረላ የመጣች የአልትራሳውንድ ባለሙያ፣
ጄሉን በመዳፏ እያሞቀች፣
«መጀመሪያ ደህናውን እግር» አለች፣ «ለማስተያያ።»
በደህናው እግር አጥንቱ ቀጭን፣ ብሩህ መስመር፤
ጡንቻው ልክክ ብሎ ተኝቶበት ነበር።
ከዚያ ወደ ሕመሙ።
መሣሪያውን እንደ ላባ አሳረፈች፤
ሚሻሪ ጣቴን ነከሰ፤ እሷ ዝም አለች።
ዝምታዋ ረዘመ።

«ይሄ ድምፅ ነው» አለችኝ፣ «ጆሮ የማይሰማው፤
አጥንት ግን ግድግዳ ነው፣ ሳያስገባ የሚመልሰው።
ውስጡን አላይም። ግን እዪ፣ ከግድግዳው ላይ
ሽፋኑ እንደ ዛፍ ልጥ ተነሥቷል፤ ይቺ ጥቁር ትታይሻለች ወይ?»
አየኋት። ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ጨለማ፣
በነጩ መስመርና በሥጋው መካከል አድማ።
«መግል ነው፣ አይቀርም። ራጅ ይህን የሚያውቀው ከሁለት ሳምንት በኋላ፣
አጥንቱ ሲበላ።»

አባት በስልክ ፈቀደ። ቀዶ ሐኪሙ መጣ፤
ያ ሦስት ሌሊት ሲጮህ ያልተሰማው ነገር፣ ቢጫ ሆኖ ወጣ።

ጠዋት አባቱ ደርሶ፣ «በምን አወቅሽ?» ሲለኝ
ዐረብኛዬ አነሰኝ።
እንዲህ ልለው ነበር፦ ድምፁም እኮ አጥንት ውስጥ አልገባም፤
ደጃፍ ቆሞ ነው የሰማው። እኔም።

አራተኛ ሌሊት። ሚሻሪ ተኝቷል።
የአጥንቴ ፍላጭ አይደለም።
በእንቅልፉ ግን ጎኔን መታኝ፣
በዚያችው በፋሻዋ እግር። ቆጠርኩለት፤
አንድ።
ቆየና ደገመኝ፤
ሁለት።