ግድፈት

ጌንት፣ ሦስተኛ ፎቅ፤ ዝናብ መስኮት ሲዳብስ፣
ሹሙ የመንግሥትን ይቅርታ ያነባል፣ ድምፁ ለስለስ።
እኔ አስተርጓሚ ነኝ፣ በሰዓት የሚከፈለኝ፣
አፌን ያከራየሁ፣ የራሴ ቃል የሌለኝ።

የልደት ወረቀቱ ባለ ክብ ማኅተም ነው፦
«ዕድሜ፣ አራት። እናቷ ሞታለች።»
ጠረጴዛው ላይ ካለው ስልክ ውስጥ፣ ከዱራሜ፣
ሟቿ ታስላለች።
ሊስቤት፣ ልጅቱ፣ ዛሬ የሠላሳ ዓመት ሴት፣
የብዕር ክዳን ታኝካለች።

«መንግሥት» አለ ሹሙ፣ «ያኔ ለተፈጠረው…»
አንድ ለዘብ ያለ ቃል። በእኛ «ግድፈት» ቢባል ነው።
ግድፈትማ
ጸሐፊ ተቻኩሎ ፊደል ሲዘል፣
ወይ ጾመኛ ተዘናግቶ ሲቀምስ።
እናትን በቁሟ ቀብሮ፣ ፈርሞ ልጇን መረከብ
በየትኛው ግስ?

«ምን አለ?» አለች እቴነሽ።
ሹሙ ዓይን ዓይኔን ያያል።
«ዋሽተናል ነው የሚለው» አልኳት።

መስመሩ ጭጭ አለ። እንደገና ሳለች።

«እሱንስ እኔም አውቃለሁ።
ይልቅ ስትሄድ የፊት ጥርሷ ወልቆ ነበር፤
በቅሎላት እንደሆን
ጠይቅልኝ።»